«አልገባኝም» ማለትን መማር፤ እንግሊዝኛ በእንግዶች ፊትና በሐኪም ፊት

(ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት የተዘጋጀ የጥናት ትምህርት)

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጻፈውን የኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ታሪክ የማያውቅ አገልጋይ የለም። የንግሥት ሕንደኬ ባለ ሙሉ ሥልጣን፣ የገንዘብ ቤቷም አዛዥ የነበረው ይህ ሰው በሠረገላው ተቀምጦ መጽሐፈ ኢሳይያስን ያነብ ነበር። ፊልጶስ ቀርቦ የሚያነበውን ያስተውለው እንደ ሆነ ሲጠይቀው ክብሩን ጠብቆ «አዎን» በማለት አላለፈም። የሚመራው ሰው እንደሚያስፈልገው በግልጽ ተናገረ፤ ፊልጶስንም ወደ ሠረገላው አውጥቶ ከጎኑ አስቀመጠው። ወደ ጥምቀት ያደረሰው መንገድ የተከፈተው አለማወቁን ባለመደበቁ ነው።

ይህን ታሪክ ያነሣነው ለዚህ ዕትም ያዘጋጀነው ትምህርት ከዚሁ ጋር ስለሚገናኝ ነው። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በለቡ ከሚገኝ አንድ ደብር የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ካህናትና እናቶች ጋር ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ተቀምጠን እንግሊዝኛ ስለ መማር ተወያይተን ነበር። ለቡ ትናንት የእርሻ ማሳ የነበረች፣ ዛሬ የመኖሪያ መንደሮች የሞሉባት፣ ወደ ድሬዳዋና ወደ ጅቡቲ የሚወስደው ባቡር መነሻ ጣቢያ ያለባት ሰፈር ናት። ልጆቻቸው በባሕር ማዶ የሚኖሩ ወላጆች በምእመናኑ መካከል ብዙ ናቸው። ለልማት ሥራ የሚመጡ የውጭ እንግዶችም አልፎ አልፎ ደብሩን ይጎበኛሉ።

በውይይቱ ሁለት ጥያቄዎች ቀረቡልን። የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ «በእንግዶች ፊት ንግግር የምናደርግበትን እንግሊዝኛ አስተምሩን» አሉን። እናቶች ደግሞ «ከሐኪም ጋር የምንነጋገርበትን» አሉ። በሀገራችን ሐኪሙ አማርኛ ቢናገርም የሕክምና ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ በመሆኑ የመድኃኒት ማዘዣውና የምርመራ ውጤቱ የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። ልጇን ለማረስ ወደ ባሕር ማዶ የሄደች እናት ደግሞ ብትታመም ሐኪሙ ራሱ አማርኛ አያውቅም። ስለዚህ ሁለቱንም ጥያቄዎች በአንድነት ልንመልስ ሞክረናል።

፩. ሁለቱ ጉዳዮች ይለያያሉ

በመድረክ ላይ ቃሉን የምንመርጠው እኛ ነን። አስቀድመን እንጽፈዋለን፣ እናጠናዋለን፣ በቃላችንም እንይዘዋለን። በሐኪም ፊት ግን ጥያቄውን የሚመርጠው ሌላ ሰው ነው፤ ምን እንደሚጠይቀንም አስቀድመን አናውቅም። በመድረክ ላይ የተሳሳተ ሰው ያፍራል፤ በሐኪም ፊት የተሳሳተ ሰው ግን ሕይወቱን አደጋ ላይ ይጥላል። ስለዚህ ለመድረክ መናገርን፣ ለሐኪም ቤት ደግሞ መስማትንና መልሶ መጠየቅን ማስቀደም ይገባል። በሁለቱም ዘንድ ግን መጀመሪያ ሊጠኑ የሚገባቸው አራት አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች አሉ፤

«አይ ዱ ኖት አንደርስታንድ።» አልገባኝም።
«ፕሊዝ ሴይ ኢት አጌን፣ ስሎውሊ።» እባክዎ ቀስ ብለው ይድገሙልኝ።
«ፕሊዝ ራይት ኢት ዳውን።» እባክዎ ይጻፉልኝ።
«አይ ስፒክ አማሪክ። አይ ኒድ አን ኢንተርፕሪተር።» የምናገረው አማርኛ ነው፤ አስተርጓሚ ያስፈልገኛል።

እነዚህን አራቱን አጥርቶ የሚናገር ሰው ሌላ አንድም ቃል ባያውቅ፣ መቶ ቃላት አውቆ እነዚህን ከማያውቅ ሰው ይልቅ ተዘጋጅቷል።

፪. በእንግዶች ፊት

ጸሐፊው ያጋጠማቸውን ነገር በግልጽነት አካፈሉን። እንግዶች በመጡ ጊዜ አንድ ወጣት የጻፈላቸውን የአራት ገጽ ንግግር ከዳር እስከ ዳር አነበቡ፤ ጭብጨባውም ደማቅ ነበር። ከዚያ አንዲት እንግዳ የሚደገፉት አረጋውያን ስንት እንደ ሆኑ ጠየቀች። ቁጥሩ 40 ነበር፤ «ፎርቲ» ሊሉ አስበው «ፎርቲን» አሉ። እንግዶቹ 14 ብለው ጽፈው ሄዱ። ስሕተቱ የታወቀው የ14 ሰው ድጋፍ መታቀዱን የሚገልጽ ደብዳቤ ሲመጣ ነው። «አራት ገጽ አንብቤ አንዲት ቃል አጎደለችኝ» ሲሉ አዳራሹ ሳቀ፤ እርሳቸው ግን አልሳቁም። 26 አረጋውያን በአንዲት ፊደል ከመዝገብ ወጥተው ነበርና።

ከዚህ የምንማረው ብዙ ነው። አንደኛ፣ በእንግሊዝኛ ከ13 እስከ 19 ያሉት ቁጥሮች በ«ቲን» ያልቃሉ፤ 30፣ 40፣ 50 እያሉ እስከ 90 የሚሄዱት ደግሞ በ«ቲ» ያልቃሉ። በፊተኞቹ ድምፅ የሚጠብቀው በመጨረሻው ላይ ነው፤ «ፎርቲን» ሲባል «ቲን» ይረዝማል። በኋለኞቹ የሚጠብቀው በመጀመሪያው ላይ ነው፤ «ፎርቲ» ሲባል «ፎር» ይጎላል። ቁጥር በአፍ ብቻ አይነገር፤ በትልቁ ተጽፎ ለእንግዳው ይታይ።

ሁለተኛ፣ ንግግሩ አጭር ይሁን። ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ሰላምታ፣ የሠራነው ሥራ፣ የቀረን ሥራ፣ ምስጋና፤ በዚህ ቅደም ተከተል። እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ ይሁን። ለምሳሌ፤

«ዌልካም ቱ አወር ቸርች።» ወደ ቤተ ክርስቲያናችን እንኳን ደኅና መጣችሁ።
«ዊ አር ዘ ፓሪሽ ካውንስል።» እኛ የሰበካ ጉባኤው አባላት ነን።
«ዊ ሰፖርት ፎርቲ ኦልድ ፒፕል።» 40 አረጋውያንን እንደግፋለን።
«ዘይ ኒድ ፉድ ኤንድ ሜዲስን።» ምግብና መድኃኒት ያስፈልጋቸዋል።
«ታንክ ዩ ፎር ካሚንግ።» ስለ መጣችሁ እናመሰግናለን።

ሦስተኛ፣ የቤተ ክርስቲያንን ቃላት በጥንቃቄ እንተርጉም። ሀገረ ስብከት «ዳዮሲስ»፣ ቄስ «ፕሪስት»፣ ዲያቆን «ዲከን» ይባላሉ። ፓትርያርኩ «ሂዝ ሆሊነስ»፣ ሊቀ ጳጳሱ «ሂዝ ግሬስ» ተብለው ይጠራሉ። ታቦት፣ ማኅሌት፣ እድር የመሳሰሉት ግን በስማቸው ተጠርተው በአንድ ዐረፍተ ነገር ቢብራሩ ይሻላል። ስለ እምነታችን ስንጠየቅ «ሞኖፊዛይት» የሚለውን ቃል አንቀበልም፤ ሁለቱ ባሕርያት ያለ መለየትና ያለ መቀላቀል የተዋሐዱበትን እምነት የሚገልጸው «ሚያፊዛይት» የሚለው ነው። በጥር 1957 ዓ.ም. መሪዎቻቸው በአዲስ አበባ ከተሰበሰቡት አብያተ ክርስቲያናት ጋር የምንጠራበትም ስም «ኦሪየንታል ኦርቶዶክስ» ነው።

አራተኛ፣ ከንግግሩ በኋላ ለሚመጣው ጥያቄ እንዘጋጅ። የታወቀው ችግር ያልገባንን ጥያቄ «የስ፣ ታንክ ዩ» ብሎ ማለፍ ነው። ይልቁንም «ሜይ አይ አንሰር ኢን አማሪክ?» ብለን በአማርኛ ለመመለስ ፈቃድ እንጠይቅ። ይህ ውርደት አይደለም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት በቆሙ ጊዜ ፈረንሳይኛን አጥርተው ያውቁ ነበር፤ የተናገሩት ግን በአማርኛ ነው። ንግግራቸው እየተተረጎመ ተሰማ፤ ዓለምም እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል። እንግሊዝኛችን ለሰላምታና ለምስጋና ከበቃ፣ ለከባዱ ጉዳይ የራሳችንን ቋንቋ መጠቀም ከማንም አያሳንሰንም።

፫. በሐኪም ፊት

ሀ. የ«የስ» እና የ«ኖ» ወጥመድ። ከእናቶች አንዷ ልጃቸውን ለማረስ ባሕር ማዶ ሄደው ሳለ ታመው ሐኪም ቤት ገቡ። ልጃቸው ሕፃኑን ይዛ ውጭ ቀርታለች። «ዶንት ዩ ቴክ ኤኒ አዘር ሜዲስን?» ተብለው ተጠየቁ፤ ሌላ መድኃኒት አይወስዱም ወይ ማለት ነው። እናታችን የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ። ስለዚህ «አይ፣ እንዲያውም እወስዳለሁ» ለማለት «ኖ» አሉ። ጠያቂዋም «አትወስድም» ብላ መዘገበች። ልጃቸው ገብታ ወረቀቱን ባታነብ ኖሮ ከሚወስዱት መድኃኒት ጋር የማይስማማ ሌላ ሊታዘዝላቸው ይችል ነበር።

ጥፋቱ የእናታችን አይደለም፤ የሁለቱ ቋንቋዎች ሥርዐት የተለያየ ነው። በአማርኛ «አልበላህም?» ተብሎ የተጠየቀ ያልበላ ሰው «አዎ» ይላል፤ የጠያቂውን ቃል ማጽናቱ ነው። በእንግሊዝኛ ግን መልሱ የሚከተለው ነገሩን እንጂ ጥያቄውን አይደለም። ከወሰድን «የስ»፣ ካልወሰድን «ኖ» ነው፤ ጥያቄው በአሉታ ቢመጣም ባይመጣም። ከወጥመዱ የሚያድነን ደግሞ አንድ ቀላል ልማድ አለ፤ በ«የስ» እና በ«ኖ» ብቻ አንመልስ፣ ሙሉውን እንናገር። «አይ ቴክ ሜዲስን ፎር ሃይ ብለድ ፕሬዠር።» ያን ጊዜ የሚያሳስት ነገር አይኖርም።

ትንፋሽን ወደ ውስጥ ስቦ «አዎ» ማለትም ለባዕድ ሐኪም እንግዳ ነው። ትንፋሽ ያጠረን ሊመስለው ይችላልና በቃል እንመልስ።

ለ. የሕመም ስሞች። በአማርኛ «እግሬን ያመኛል» እንላለን። በእንግሊዝኛ አነጋገሩ ተለውጦ የሚያመው አካል ባለቤት ይሆናል፤ «ማይ ሌግ ሃርትስ»። እግር የምንለውም ሁለት ስም አለው፤ ከቁርጭምጭሚት በላይ ያለው «ሌግ»፣ ከታች ያለው «ፉት» ነው። እጅም እንዲሁ «አርም» እና «ሀንድ» ተብሎ ይከፈላል። ሆድ ሰፊ ቦታ ነውና በቃል ከመግለጽ ይልቅ የሚያመንን ስፍራ በአንድ ጣት ማሳየት ይበልጣል።

በቃል በቃል ትርጉም የሚበላሹ ስሞችም አሉ። «ጨጓራ አለብኝ» የሚለውን እንዳለ ብንተረጉመው «ጨጓራ የሚባል አካል አለኝ» ማለት ይሆናል፤ ጨጓራ የሌለው ሰው ደግሞ የለም። ትክክለኛው «ጋስትራይቲስ» ነው። ስኳር በሽታ «ዳያቢቲስ»፣ ደም ብዛት «ሃይ ብለድ ፕሬዠር»፣ የሚጥል በሽታ «ኤፒለፕሲ» ይባላሉ። ደም ማነስ «አኒሚያ» ሲሆን ከደም ግፊት መውረድ የተለየ ነው፤ ብዙዎች ሁለቱን ያደባልቃሉ። «ብርድ መታኝ» ብሎ «ኮልድ» ማለትም ያሳስታል። ሐኪሙ ጉንፋን እንጂ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት አይመስለውም።

በተጨማሪም እያንዳንዱ ሰው አምስት ነገሮችን በወረቀት ጽፎ ይያዝ፤ የሚያመው የት እንደ ሆነ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደ ሆነ፣ የሚያብሰውንና የሚያቀልለውን፣ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች፣ የማይስማማውን መድኃኒት። የመጨረሻው «አይ አም አለርጂክ ቱ» ተብሎ የመድኃኒቱ ስም ይጨመርበታል። የመድኃኒቱን ስም ማስታወስ ያቃተው ማሸጊያውን ይዞ ይሂድ።

ሐ. ሰዓትና ዘመን። ጠዋት 2 ሰዓት በውጭው አቆጣጠር 8 ሰዓት ነው፤ ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው። «ቱ ኦክሎክ» ብሎ ቀጠሮ የተቀበለ እናት ጠዋት 2 ሰዓት ቢደርስ፣ ሐኪሙ የሚጠብቀው ከቀኑ 8 ሰዓት ነውና ስድስት ሰዓት ይቀመጣል። መድኃኒት በ8 ሰዓት ሲባልም እንዲሁ ነው። ስለዚህ «ሞርኒንግ» ወይስ «አፍተርኑን»፣ ጠዋት ወይስ ከሰዓት በኋላ ብሎ መጠየቅ ግዴታ ነው። የትውልድ ዘመን ሲጠየቅ ደግሞ የእኛ አቆጣጠር ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ያንሳል። በየትኛው አቆጣጠር እንደምንናገር ካልገለጽን በተለያዩ መዝገቦች ላይ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ሆነን እንገኛለን።

መ. ጾምና ጸበል። ይህ በተለይ ለካህናት የቀረበ ነው። ደም ከመመርመሩ በፊት «አር ዩ ፋስቲንግ?» ተብሎ ሲጠየቅ ጥያቄው ከሌሊት ጀምሮ እህል ሳትቀምስ ቆይተሃል ወይ ነው። በዐቢይ ጾም ሽሮ በልቶ የመጣ ምእመን «እጾማለሁ» ለማለት «የስ» ቢል ምርመራው የተሳሳተ ውጤት ሊያሳይ ይችላል። እንደዚሁም «ዊዝ ፉድ» የተባለ መድኃኒት ከምግብ ጋር የሚወሰድ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ይህን ለሐኪሙም ለንስሐ አባቱም ሊናገር ይገባዋል። ሰዓቱን ማስተካከል የሚቻለው ሁለቱ ሲያውቁት ነው። ጸበል የሚጠመቅ ሕመምተኛም መድኃኒቱን አቋርጦ እንደ ሆነ ሐኪሙ ማወቅ አለበት። ጸበልና መድኃኒት እንደማይቃረኑ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደ ሆኑ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በይፋ አስተምረዋል። ይህን የሚሰማ ምእመን ከሐኪም የሚሰውረው ነገር አይኖረውም።

፬. አስተርጓሚ መጠየቅ መብት ነው

ብርቱ ሕመም ሲሆን፣ ቀዶ ሕክምና ሲታሰብ ወይም ፊርማ ሲጠየቅ ገና የተማርነውን እንግሊዝኛ መታመን አይገባም። በአሜሪካ ከፌደራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ የሕክምና ተቋማት እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት እንግሊዝኛ ለማያውቅ ሕመምተኛ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ማቅረብ ይገባቸዋል። በዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ በከተማዋ መሥሪያ ቤቶች አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች መካከል አማርኛ እንዲሆን አድርጓል። ወደዚያ ለሚሄዱ እናቶች ከሻንጣቸው በፊት ይህን እንንገራቸው።

የልጅ ልጅን ማስተርጎም ቀላል መስሎ ይታያል፤ ግን ሕፃን ስለ አያቱ ሕመም ሸክም መሸከም የለበትም፣ አያትም በእርሱ ፊት ሁሉን አትናገርም። አስተርጓሚ ምሥጢር ጠባቂ ነው። ምሥጢር መጠበቅ ምን እንደ ሆነ የንስሐ አባቶች ከሁሉ ይልቅ ያውቁታልና በዚህ ረገድ ምእመናንን ማስተማር ለእነርሱ ይቀላል። በአስተርጓሚ ስንነጋገር አጭር አጭር እንናገር፤ ዓይናችንም ወደ ሐኪሙ እንጂ ወደ አስተርጓሚው አይሁን።

፭. እንዴት እናጥና?

አባቶቻችን ልጅን ንባብ ያስተማሩበት መንገድ ለዚህም ያገለግላል። በንባብ ቤት ተማሪው ፊደል ከቈጠረ በኋላ በግዕዝ ንባብ እያንዳንዱን ፊደል ለይቶ ይጠራል፤ በውርድ ንባብ ያያይዘዋል፤ በቁም ንባብ አፉ ሳይሰናከል ያነበዋል። የእንግሊዝኛውንም ዐረፍተ ነገር በመጀመሪያው ሳምንት ቃል በቃል፣ በሁለተኛው ሐረግ በሐረግ፣ በሦስተኛው በአንድ ትንፋሽ እንበል። ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይና ሰያፍ ለይቶ የሚያነብ ካህን በእንግሊዝኛ ድምፅ የሚጎላበትን ቦታ መለየት አይከብደውም። ስፍራውን ያልጠበቀ ንባብ ትርጉም እንደሚያበላሽ እርሱ ከማንም በፊት ተምሮታልና።

መምህር ከውጭ መፈለግ አያስፈልግም። በሰንበት ትምህርት ቤት ያሉ ወጣቶች እንግሊዝኛ ያውቃሉ፤ በየደብሩ ነርሶች፣ ሐኪሞችና ፋርማሲስቶች የሆኑ ምእመናን አሉ። በሳምንት አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ 40 ደቂቃ ይበቃል። ግማሹ ጊዜ ለመድረክ፣ ግማሹ ለሐኪም ቤት ይሁን፤ አንዱ ሐኪም ሌላው ሕመምተኛ ሆኖ ይለማመድ። በለቡ ይህን ስንጀምር አንድ አዛውንት ቄስ ከልጅ ልጃቸው እኩያ ከሆነች ተማሪ ፊት ተቀምጠው የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ሰባት ጊዜ ደገሙ፤ «አይ ዱ ኖት አንደርስታንድ»። ስምንተኛውን ጊዜ ልጅቷ ሆን ብላ ፈጥና ጠየቀቻቸው። እርሳቸውም ሳይደናገጡ ያንኑ መለሱላት፤ ሰው ሁሉ አጨበጨበ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በደብራችን በውጭ እንግዶች ፊት የሚነገሩ ቁጥሮች የትኞቹ ናቸው? ተጽፈው ተዘጋጅተዋልን?
2. ካለፉት ጊዜያት ሳይገባን «አዎን» ብለን ያለፍነው ነገር አለን? ምን አስከተለ?
3. ወደ ባሕር ማዶ የሚሄዱ እናቶችንና አባቶችን ከመሄዳቸው በፊት የሚያዘጋጅ ማን ይሁን?
4. በጾም ወራት መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናንን ንስሐ አባቶች እንዴት ይርዱ?

እስከሚቀጥለው ዕትም አራቱን ዐረፍተ ነገሮች አጥንታችሁ እንድትጠብቁን በእግዚአብሔር ስም እናሳስባለን። የተሳካላችሁንም ያልተሳካላችሁንም ጻፉልን፤ ያልተሳካው ለሌሎች ይበልጥ ያስተምራልና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።